በፖስተራችን ላይ ያለው ዊልቸር የማን ነው?



ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው የደብረ ዘይት መንገድ፣ ታክሲ ውስጥ በመስኮት በኩል የተቀመጠ ሰው የሚያነበው አያጣም። የመብራት ምሰሶው፣ የፋብሪካው አጥር፣ የተዘጋው ሱቅ በር፣ ሁሉም ይናገራል። ቤት ይከራያል፤ ሹፌር ይፈለጋል፤ እንግሊዝኛ በሦስት ወር እናስተምራለን። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ከሩቅ ዓይን የሚይዘው ግን ብዙ ጊዜ የእኛ የወንጌላውያን አማኞች ፖስተር ነው፤ ሐምራዊና ወርቃማ፣ እሳት የሚነድበት፣ ማይክራፎን የጨበጠ ሰው ያለበት። የቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የደቡቡ መስመር ማብቂያ ቃሊቲ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ሰው ቆሞ የሚጠብቅበት ቦታ በዝቷል። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ያነባል።

ስለ ስብከት ብዙ እንጽፋለን። ስለ መዝሙርም እንከራከራለን። ፖስተርን ግን እንደ ወንበር ኪራይና እንደ ድምፅ ማጉያ የዝግጅት ኮሚቴ ጉዳይ አድርገን ስለምንቆጥረው ዝም ብለን እናልፈዋለን። እኛም እንደዚያው ነበርን። "እኛ" ስንል በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በምትገኝ አንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ጽሑፍና የሚዲያ አገልግሎት ክፍል ያለን ጥቂት ሰዎች ማለታችን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሦስት ቀን ጉባኤ ፖስተር አሠራን። የእንግዳው አገልጋይ ፎቶ ከፊት ሆነ፤ ከጎኑ ባዶ ቦታ ተረፈ። ዲዛይን የሚሠራልን ወንድም "እዚህ ጋ አንድ ነገር ያስፈልጋል" አለና ከኢንተርኔት አንድ ባዶ ዊልቸር አመጣ። ጥሩ ፎቶ ነበር። ወንበሩ ወደ ጎን ዞር ብሎ ቆሟል፤ ከላይ ብርሃን ወርዶበታል፤ የተቀመጠበት ሰው የለም። ሁላችንም ወደድነው። ይህ ወንበር የማን ነው፣ የተቀመጠበትስ ሰው ወዴት ሄደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ባነሩን በካሬ ሜትር ሒሳብ ከፍለን አሳተምን፤ በትንሹም በራሪ ወረቀት አድርገን በመናኸሪያው፣ በገበያው፣ ፈረቃ ሲቀየር በፋብሪካ በር ላይ አደልነው።

በመጀመሪያው ቀን ማታ አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ የመታዘል ዕድሜው ካለፈ ቆይቷል፤ እግሮቹ ከጉልበቷ በታች ወርደው ይወዛወዛሉ። በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን በራሪ ወረቀት ፈታች፤ ዘረጋችው፤ ጣቷን ዊልቸሩ ላይ አድርጋ አስተናጋጁን ጠየቀችው።

"ወንድሜ፣ ይሄኛው በስንተኛው ቀን ነው?"

መልስ አልነበረውም። "ይግቡ እህቴ" ብሎ ወንበር ፈለገላት። ሦስቱንም ቀን መጣች። ለልጁ ተጸለየለት፤ እኛም ጸለይን፤ አንዳንዶቻችን አልቅሰን ጸለይን። በሦስተኛው ምሽት ልጁ እንደ መጣው በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ሄደ። አልወቀሰችንም። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብላ ወጣች። ወረቀቷን ወንበሩ ላይ ትታት ነበር። እስካሁን እኛ ጋ አለች፤ በእጥፋቷ ላይ ቀለሙ ተልጧል።

እንዳትሳሳቱብን፣ ቅዱሳን። ጌታ እንደሚፈውስ እናምናለን። ከመካከላችን ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት ሆኖ ዛሬ በእግሩ የሚሄድ ሰው አለ፤ ይህን የምንክድበት ምክንያት የለንም። ጥያቄያችን ስለ ጌታ ኃይል አይደለም፤ እኛ ስለ ለጠፍነው ወረቀት ነው።

ከጉባኤው በኋላ በተደረገው ግምገማ አንድ ወንድም "እኛ እኮ 'ይፈወሳል' ብለን የትም አልጻፍንም" አለ። እውነቱን ነው። ፖስተሩን ከላይ እስከ ታች ብታነቡት ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የአገልጋዮች ስምና ስልክ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ቃሉ ንጹሕ ነበር። የተናገረው ሥዕሉ ነው።

ስናስበው የገባን ነገር ይህ ነው። ሥዕል "ምናልባት" ማለት አይችልም። "ጌታ ቢፈቅድ" የሚለውን በብርሃንና በጥላ የሚሥለው ሠዓሊ እስካሁን አላጋጠመንም። ሰባኪ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ፈውስ ሲናገር "ሆኖም ጸጋዬ ይበቃሃል የተባለም አለ" ብሎ የጳውሎስን መውጊያ ሊያስታውስ ይችላል። ባዶ ዊልቸር ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፦ ሰውዬው ተነሥቶ ሄዷል። ያም ሆነ ይህም የሚባል ነገር የለበትም። በዚያ ላይ ሰው የጻፈውን ቃል "ውሸት ነው" ብሎ ሊከራከረው ይችላል፤ በዓይኑ ያየውን ነገር ግን አይከራከርም፤ አይቶ ዝም ብሎ ይወስደዋል፤ ነጠላው ጫፍ ላይ ይቋጥረዋል። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ አንደበትን ብቻ የሚመለከት አድርገን ስንማረው ኖረናል። አፉን ሳይከፍት በሐሰት የሚመሰክር ወረቀት እንዳለ ያወቅነው በዚያች እናት ጥያቄ ነው።

ሌላም ያሳፈረን ነገር አለ፤ ዘለን ብናልፈው ደስ ባለን ነበር። የአዳራሻችን መግቢያ አራት ደረጃ አለው። በዚያ ጉባኤ ላይ እውነተኛ ዊልቸር ይዞ የመጣ ሰው ቢኖር ኖሮ ወደ ውስጥ መግባት አይችልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ፖስተሮችን ማንበብ ጀመርን። እንደ ሰባኪ ቃል፣ መስመር በመስመር። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሦስት ሆነን ከመናኸሪያው ወደ አቃቂ ድልድይ እየወረድን ምሰሶ ሥር እንቆም ነበር። አንድ ሁለት ጊዜ ሰው "ምን ጠፍቷችሁ ነው?" ብሎናል።

መጀመሪያ የሚታየው መጠን ነው። በአገራችን የጥንት ሥዕል ውስጥ ታላቅ የተባለው ሰው በአካልም ገዝፎ ይሣላል፤ አሽከሩ ከጉልበቱ አይበልጥም። ሠዓሊው ስለ ርቀት አለማወቁ አይደለም፤ ክብርን በስፋት መለካቱ ነው። በዚያው ሥዕል ውስጥ ሌላም ሕግ አለ። ጻድቃን ፊት ለፊት ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ከሃዲው፣ አሳዳጁ፣ ሰይጣኑም በጎን ሆነው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። በመጨረሻው እራት ሥዕል ላይ ይሁዳን በዚህ መለየት የተለመደ ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ ግድግዳውን አይቶ ከማን ጋር መቆም እንዳለበት በዓይን ብዛት ያውቅ ነበር።

አሁን በዚሁ ሕግ የእኛን ፖስተር አንብቡት። አገልጋዩ ፊት ለፊት ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ እኛን ያያሉ፤ ከወረቀቱ ግማሹን ይዟል። ከግርጌ፣ ከደረቱ በታች ሕዝብ አለ። እጁን ያነሣ፣ በጀርባው የሚታይ፣ እንደ ጥላ የጠቆረ ሕዝብ። አንድ ዓይን እንኳ የለውም። ይህን ስናይ ደነገጥን። በእኛ ፖስተር ላይም እንዲሁ ነበር። በየእሑዱ ስማቸውን ጠርተን ሰላም የምንላቸው፣ አንዷ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ አንዱ ጎሚስታ የሚሠራ፣ አንዱ የሌሊት ጥበቃ፣ እነዚህን ሁሉ ፊት የሌላቸው የእጅ ጫካ አድርገናቸዋል። የጌታ ስም ደግሞ ቢፈለግ ከላይ በግራ ጥግ፣ ከአጥቢያዋ ዓርማ ሥር፣ ከስልክ ቁጥሩ ባነሰ ፊደል አለ።

ቀጥሎ ብርሃኑ ነው። ከአገልጋዩ ራስ ጀርባ የሚፈነጥቀውን ወርቃማ ጨረር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዲዛይነራችንን "ይህን ከየት ነው የምታመጡት?" አልነው። ሳቀ። ተዘጋጅቶ የሚገኝ ፋይል ነው፤ እሱ ራሱ ያንኑ ጨረር ለአንድ የሙዚቃ ድግስ ፖስተር ተጠቅሞበታል። ዘፋኙን አውጥቶ ነቢዩን ማስገባት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው አለን። ቀልዱ ለብዙ ቀን አልለቀቀንም።

የቢራ ማስታወቂያዎችን ታስታውሳላችሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፉ እስኪከለክል ድረስ ዜና ሲጀምርም ሲያልቅም እነሱ ነበሩ። ስለ ገብስና ስለ ጌሾ ሲያወሩ ሰምታችኋል? በጭራሽ። የሚያሳዩት ወዳጅነትን፣ አገርን፣ ሯጭን፣ ሳቅን ነበር። ጠርሙሱ በመሐል ላብ አልቦት ይቆማል። ማስታወቂያው "ጠጣ" አይልህም፤ "ብቻህን ነህ፤ እነዚህ ግን አብረው ናቸው" ይልሃል፤ የቀረውን አንተ ትሞላዋለህ። የማሳመን ጥበቡ እዚያ ላይ ነው፤ የጎደለህን አሳይቶ ከጎኑ ዕቃውን ማቆም። በአዋጁ ቤተ ክርስቲያን ደስ ብሏት ነበር፤ እኛም "አሜን" ብለናል። ነገር ግን ያንኑ ሰዋስው ወስደን የራሳችንን ዕቃ አቁመንበታል። ባዶ ዊልቸር፣ አዲስ መኪና፣ ቪዛ የተመታበት ፓስፖርት፣ ከጎኑ ነጭ ሱፍ የለበሰ ሰው። ገንዘብ ያጣ፣ ልጅ ያጣች፣ ከሥራ የተፈናቀለ ሰው በዚህ ሰፈር ብዙ ነው፤ የጎደለውን ማሳየት አያስቸግርም።

ትልቅ ፊት ሰውን ምን እንደሚያደርገው በዕድሜ የገፉት ወንድሞቻችን ያውቁታል። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ላይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ግዙፍ ምስሎች ቆመው ነበር፤ የፋብሪካ ሠራተኛው በሰልፍ ሲያልፍ አንገቱን አቅንቶ ያይ ነበር። የሌኒን ሐውልት በ1976 ዓ.ም. ቆሞ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወረደ። በዚያው ዘመን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ የምእመናኗ ቁጥር 5 ሺህ ያህል ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ስትከፈት ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ወጡ። በእነዚያ ዓመታት አንድም ፖስተር አልለጠፉም። ሰው ሰውን በጆሮው "ማክሰኞ እኛ ቤት ና፣ ጫማህን ወደ ውስጥ ይዘህ ግባ" ይለው ነበር። ፖስተር አያስፈልግም ለማለት አይደለም ይህን ያነሣነው፤ አባቶቻችን ያለ እሱ እንደበዙ ግን ኮሚቴው በጀት ሲመድብ ቢያስታውሰው መልካም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በትሕትና እንናገር። ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ጋር ስለ ቅዱሳን ሥዕል ስንከራከር ኖረናል፤ የነሐሱን እባብ እየጠቀስን። ሙሴ በጌታ ትእዛዝ የሠራው፣ ያዩትን ያዳነ፣ ኋላ ግን ሕዝቡ ያጥንለት ስለ ጀመረ ሕዝቅያስ የሰባበረው ነው፤ ነሑሽታን። ጥቅሱ ትክክል ነው። እስቲ ግን ባጃጆቻችንን እንይ። የመስተዋቱ ላይ ስቲከር የማን ፎቶ ነው? በር ላይ፣ ስልክ ሽፋን ላይ፣ ከቡና ዕቃው በላይ የተሰቀለው ካላንደር ላይስ? አንዲት እህት ሌሊት ስትባንን የአንድ አገልጋይ ፎቶ ያለበትን ስቲከር ትራሷ ሥር እንደምታደርግ ነግራናለች። ጎረቤታችን ቢያንስ ሥዕሉ የማን እንደሆነና ለምን እንደሚሰቅለው የሚያስተምረው የብዙ መቶ ዓመት ትምህርት አለው። እኛ ሥዕል የለንም እያልን ነው ያለ ትምህርት የሰቀልነው።

ሁሉም ሥዕል እንዲህ ነው አንልም። በልጅነታችን ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ልብ የተሣለበት ትንሽ መጽሐፍ ያየን አለን። ዮሐንስ ጎስነር የተባለ ጀርመናዊ ሰባኪ በ1812 እ.ኤ.አ. ካሳተመው የመጣ ነው። በልቡ ውስጥ እንስሳት አሉ፤ እባብ፣ አሳማ፣ ፍየል፣ ኤሊ፣ ጣዎስ። ጣዎሱ ትዕቢት መሆኑ ነው፤ ጣዎስ አይተን ስለማናውቅ ግን "ያችን ቆንጆ ወፍ ለምን ያባርሯታል?" ብለን አስተማሪያችንን ያስቸገርንበት ቀን ትዝ ይለናል። አሣሣሉ ሸካራ ነበር፤ ሌሊት ያስፈራንም ነበር። ነገር ግን የዚያ መጽሐፍ ሥዕል የሚያሳየው የእኔን ልብ ነው። የሰባኪውን ፊት አያሳይም። ያየው ልጅ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚያስበው ስለ ራሱ ውሸትና ስለ አዳኙ ነበር። ያንን ወረቀት ከእኛ ባነር ጎን ብናቆመው የትኛው ስብከት የትኛው ማስታወቂያ እንደሆነ ለመለየት አያስቸግርም።

ጳውሎስ የገላትያን ሰዎች ሲወቅስ ክርስቶስ እንደ ተሰቀለ ሆኖ በዓይናቸው ፊት መሣሉን ያስታውሳቸዋል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ "ተሥሎ" ያለው ቃል በግሪኩ በአደባባይ ለሚወጣ የሕዝብ ማስታወቂያም የሚያገለግል ነው። እንግዲህ ጳውሎስ ራሱን ፖስተር ለጣፊ አድርጎ ነው የሚናገረው። ገላትያ ውስጥ ሥጋውን የሚያስጨንቅ ድካም እንደነበረበት በዚያው መልእክት ጽፏል። በፖስተር የሚወጣ መልክ አልነበረውም ይሆናል። የሣለው ግን ራሱን አልነበረም፤ የሣለውም የተሰቀለውን ነው።

"ፖስተር ሰው ያመጣል" የሚለው ክርክር አለ፤ እውነት ነው። ከመካከላችን አንዱ ጌታን ያገኘው ቃሊቲ መናኸሪያ ውስጥ ዝናብ ሲጠለል ባየው ፖስተር ምክንያት ነው፤ ፖስተሩ ደግሞ አስቀያሚ ነበር፤ ይህን ሲናገር ራሱ ይስቃል። ሰው መጥራት ግዴታችን ነው። ጥያቄው የጠራነው ሰው በሩ ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ "ይሄ የቱ ጋ ነው?" ሲል የምናሳየው ነገር አለን ወይ ነው።

ዘንድሮ ተራው ደረሰና ፖስተር መሥራት ነበረብን። ብዙ ተከራከርን። ሽማግሌዎቹም አንድ ሐሳብ አልነበሩም። በመጨረሻ የሠራነው ነጭ መደብ ያለው ሆነ፤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ። የአዳራሻችን በር ፎቶ አለው፤ ሰው ቦታውን እንዲያውቀው ብለን እንጂ በሩ የሚያምር ሆኖ አይደለም። ከደረጃው ጎን ሁለት ብየዳ የሚችሉ ወንድሞች የሠሩት የብረት መወጣጫ ይታያል። የጌታ ስም ከሁሉ በላቀ ፊደል ነው። ከሥሩ ሦስት መስመር አለ፦ ስለ ኢየሱስ እንነጋገራለን። ለታመሙ እንጸልያለን። ከጸሎቱ በኋላም አብረናችሁ እንቆያለን። በሦስተኛው መስመር ላይ ነው ከሁሉ የበለጠ የተጨቃጨቅነው፤ "አብረናችሁ እንቆያለን" ያልነውን ሰው ሰኞ ማን ይጠይቀዋል፣ ማን ሐኪም ቤት ይወስደዋል፣ ማን ልጅ ይይዝለታል? መስመሩ እንዳይወጣ ስንስማማ የጥየቃ ቡድን ስም ዝርዝርም አብረን ጻፍን። ያችን እናት በገላን በኩል ጠያይቀን ነበር፤ ቤት ቀይራለች አሉን። መፈለጋችንን አልተውንም።

ዲዛይነራችን ሥራውን ሲያስረክብ ራሱን እየነቀነቀ "ጋሼ፣ ይሄን እኮ ማንም አያየውም" አላቸው ለሰብሳቢያችን። እሳቸውም "ያየው ይበቃል" ብለው ፈረሙለት።

በሁለተኛው ቀን ስልክ መጣ። ፖስተሩን ታክሲ ስትጠብቅ ያየች ሴት ናት።

"አገልጋዩ ማነው? ስም የለውም እኮ።"

ስልኩን ያነሣው ወንድም ትንሽ ግራ ተጋባና "እኛው ነን" አላት።

"እናንተ እነማን ናችሁ?"

የጥየቃ ቡድኑ ዝርዝር እፊቱ ስለነበር አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ፤ ስምና ሥራ፣ ስምና ሥራ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ስልኩ ተቋረጠ። ሒሳቧ አልቆ ይሁን ሰልችታ አላወቅንም። ጉባኤው ዓርብ ይጀምራል።